ስትሮክ የመታውን ሰው «ተኛ» አትበሉት

በኢትዮጵያውያን ጋዜጦች ላይ ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ይባላል፣ ብዙ ይጻፋል። ዛሬ የማነሣው ግን ከሳሎናችን የማይወጣ ጉዳይ ነው። ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። በቤቱ ወይም በቅርብ ዘመዱ ቤት ስትሮክ የመታው ሰው አይቶ የማያውቅ ሐበሻ ዛሬ ጥቂት ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ደም ግፊታቸው ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ አንድ ቀን ስትሮክ ይመታቸዋል። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ይላል። ሆስፒታል ይገባሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይተርፋሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ የእኛ ደግነት ይጀምራል። ሶፋው ላይ ትራስ ይደረደራል፤ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የበግ ሾርባው ይመጣል፤ ጠያቂ ይጎርፋል። እናትየዋ ውኃ ለመቅዳት ብድግ ልበል ሲሉ አምስት ሰው አብሮ ይነሣል። «ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ! እኔ ልውደቅልዎ!» ውኃው ይመጣል፣ እማማ ይቀመጣሉ። ስምንት እርምጃ የማይሞላው ሽንት ቤት እንኳ በዊልቸር ይደረሳል። እንዲህ እየተባለ ወር ያልፋል፣ ሦስት ወር ያልፋል፣ በመጨረሻም «እግራቸው እኮ አልመለስ አለ» እንላለን።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። እኔ ግን በግልጽ ልናገር፤ በሽታው ከወሰደው እግር ላይ እኛ በፍቅር የጨመርንበት አለ። ስትሮክ የመታውን ሰው ማስቀመጥ መንከባከብ አይደለም።

ስትሮክ የሚመታው እግርን ሳይሆን አንጎልን ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ይጎዳል። እግሩ ራሱ፣ አጥንቱም ጡንቻውም፣ ትናንት እንደነበረው አለ። የጠፋው አዛዡ ነው። ደግነቱ፣ ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከብ ይችላል፤ ነገር ግን የሚማረው በመደጋገም ነው። ሕፃን ልጅ መራመድን የሚማረው ስለ መራመድ ተነግሮት ሳይሆን ተነሥቶ፣ ወድቆ፣ እንደገና ተነሥቶ ነው። የአዋቂውም አንጎል ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። ሥራ የፈታ እግር ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይደርቃል፣ የእግሩ ጣት ወደ መሬት እያዘነበለ ምንጣፍ ይጠልፋል።

ሚዛን የምንለውም እንዲሁ ነው። ቆመን ስናወራ ሰውነታችን ሳይታወቀን በየቅጽበቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት እየተወዛወዘ ራሱን ያርማል። ስትሮክ የመታው ሰው ግን ክብደቱን በሙሉ ደህናው እግር ላይ ይጥላል። የታመመውን እግር መሬት ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ አይቆምበትም። ስለዚህ ጥሩ ቴራፒስት ከእርምጃ በፊት መቆምን ያስተምራል፤ ክብደትን ቀስ አድርጎ ወደ ታመመው ጎን ማሻገርን። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም ሥራ ያልተሠራ ይመስላል፤ በሽተኛው ግን ላብ በላብ ይሆናል።

አሁን ጥቂት ስለ ጥናቶች ልጥቀስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት በአውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ በ5 የስትሮክ ክፍሎች የተኙ ሕሙማን ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ ተመልክቶ ነበር። ከቀኑ ከግማሽ በላዩን አልጋ ላይ ነበሩ፤ ከ60 በመቶ በላዩን ደግሞ ብቻቸውን። የእኛ በሽተኛ እንኳን ብቻውን ሊሆን፣ ጠያቂው መቀመጫ አጥቶ ይቆማል። በሽተኛው ተቀምጦ ጠያቂው ይቆማል ማለት ነው፤ መሆን የነበረበት ግን ግልባጩ ነው! ስንት አገር የሚመኘው የሰው ኃይል እያለን በሽተኛውን ለማስተኛት እንጠቀምበታለን።

በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ ቴራፒ ክፍሎች ገብቶ የስትሮክ ሕሙማን በአንድ ጊዜ ልምምድ ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ ቆጠረ። በአማካይ 357 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ሰው በቀን የሚራመደው በሺህ የሚቆጠር ነው። እንግዲህ «ቴራፒ እየወሰዱ ነው» ብለን ልባችንን ስናሳርፍ ቴራፒስቷ የያዘችው ከቀኑ አንዷን ሰዓት ብቻ እንደሆነ እንወቅ። የቀረው ሰዓት በእኛ እጅ ነው።

«ቤት ውስጥ ምን መሣሪያ አለን?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ትልቅ ጥናት በ2011 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ሊፕስ ይሉታል። 408 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ስትሮክ በመታው በ2ኛው ወር፣ ሌላው በ6ኛው ወር፣ የሰውነት ክብደትን በማንጠልጠያ እየደገፈ በትሬድሚል ላይ የሚያራምድ ሥልጠና ጀመረ። ሦስተኛው ክፍል ፊዚዮቴራፒስት እየመጣለት በገዛ ቤቱ ጡንቻ የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስተካክል እንቅስቃሴ ሠራ። ዓመት ሲሞላ በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ከሁሉም ውስጥ 52 በመቶው የመራመድ ደረጃቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

በዚህ ጥናት እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ሳሎናችን ከዚያ ሁሉ ማሽን አላነሰም፤ መመሪያ የሚሰጥ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በስድስተኛው ወር የጀመሩት ሰዎች ዓመቱ ሲሞላ ቀድመው ከጀመሩት እኩል ደርሰዋል። ስለዚህ «ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የሚመጣ ለውጥ የለም» የሚለው በየሰርጉና በየለቅሶው የምንሰማው አዋጅ ልክ አይደለም። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፈጣን ነው፤ እርግጥ ነው። በሩ ግን በስድስተኛው ወር አይዘጋም። በ2020 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 75 ጥናቶችንና ከ3,000 በላይ ሰዎችን አጠቃሎ የእርምጃ ልምምድ ያለበት ሥልጠና የመራመድን ፍጥነትና ሚዛንን እንደሚያሻሽል አሳይቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እዚህ ላይ ይገባል። ነገሩ የገባው ልጅ እናቱን በመጀመሪያው ቀን ከሆስፒታል አልጋ ጎትቶ ያስነሣና ጥፋቱ በእኔ ላይ ይሆናል። አቨርት የተባለው፣ በ2015 የወጣውና ከ2,100 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ስትሮክ በመታ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ በብዛትና በተደጋጋሚ ማስነሣት ውጤቱን እንደሚያከፋ አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሐኪሞቹ ተዉላቸው። እኔ የምናገረው ከዚያ በኋላ ስላሉት ወራትና ዓመታት ነው።

ቤት ውስጥስ ምን ይሠራል? ቴራፒስቱ «ይህን ያድርጉ» ብሎ የሰጠው ወረቀት ካለ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ፤ ከመድኃኒቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ አይቀበር። ከሁሉ የሚበልጠው ቀላሉ ነው፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ሶፋ አይሆንም፣ ይውጣል። ክንድ ማስደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ጀርባውን ግድግዳ ይደገፍ። ሁለቱም እግሮች እኩል ወደ ኋላ ይሳቡ፣ አፍንጫ ከጉልበት እስኪያልፍ ጎንበስ ይባል፣ ከዚያ መነሣት ነው። የታመመው እግር ወደ ፊት እየሸሸ ሥራውን ሁሉ ለደህናው መተው ይወዳልና እሱን ተመልከቱ። ሲቀመጡም «ዱብ» ማለት የለም፤ ቀስ ብሎ መውረዱ ራሱ ልምምድ ነው። ቀጥሎ ኩሽና። የካውንተሩን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዞ መቆም፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ። ወደ ጎን መራመድ። ተረከዝን ማንሣት። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ አሥር እስኪቆጠር መቆም። አጠገባቸው ሰው ይኑር፣ ከኋላቸውም ወንበር ይቀመጥ።

ቡና በሚፈላበት ቤት ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ አያስፈልግም። አቦል ከመቀዳቱ በፊት እስከ መስኮቱ ደርሶ መልስ፤ ቶናው እስኪፈላ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ በረካው ላይ፣ አቅሙ ካለ፣ እማማ ከጎናቸው ሰው ሆኖ ፈንዲሻውን በደህናው እጃቸው ለእንግዳው ያድሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲያስተናግዱ የኖሩ ሴት ፈንዲሻ አዳርሰው ሲመለሱ ፊታቸውን ተመልከቱት። ፍም፣ ጀበናና ትኩስ ሲኒ ግን ለሌላ ሰው ይተው።

ደጋፊው የሚቆመው በታመመው ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ነው። የሚይዘውም ወገብን፣ ወይም ቴራፒስቶች የሚያስሩትን ሰፊ የወገብ ቀበቶ ነው። የታመመውን ክንድ ይዛችሁ አትጎትቱ! ጡንቻው የላላ ትከሻ ከቦታው ይወርዳል፤ ከስትሮኩ በላይ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ይሆናል። ከዘራም የሚያዘው በታመመው እጅ በኩል ሳይሆን በደህናው ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ በየቤቱ የማየው ተገላቢጦሹን ነው። የከዘራው እጀታ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእጅ አንጓ ላይ ይድረስ። የአባቶቻችን መቋሚያ የተከበረ ነገር ነው፣ ቁመቱ ግን ለዚህ ሥራ አልተለካም። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው ይቀድማል። ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ራስ ሲዞር ወዲያው ቁጭ ማለት ነው። አፍ ቢጣመም፣ አንደበት ቢተሳሰር ወይም አዲስ ድካም ቢታይ ለዘመድ ከመደወል በፊት 911 ይደወል።

እስካሁን ያልኩት ቤት ከተገባ በኋላ ያለውን ነው። ብዙው ነገር የሚወሰነው ግን ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ነው። ሶሻል ወርከሯ የቦታዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ትመጣና «የት እንላካቸው?» ትላለች። ልጆች በአንድ ድምፅ «እናታችንን ለሰው አንሰጥም፣ ወደ ቤት!» እንላለን። የሚያኮራ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች አሉ። አንዱ ነርሲንግ ሆም ነው። ሌላው ኢንፔሸንት ሪሃብ የሚባለው ነው፤ ማደሪያ ሳይሆን መሥሪያ ቤት በሉት። በቀን 3 ሰዓት ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን ቴራፒ ይሰጣል፣ ሐኪምም በቅርብ ይከታተላል፤ የሚቆዩትም ለሳምንታት እንጂ ለዘለዓለም አይደለም። የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት በ2016 ባወጡት መመሪያ፣ ለዚህ ብቁ የሆነና ዕድሉን ያገኘ ሕመምተኛ ከነርሲንግ ሆም ይልቅ ወደዚህ እንዲሄድ መክረዋል። ስለዚህ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት «ለኢንፔሸንት ሪሃብ ብቁ ናቸው ወይ? ካልሆኑስ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነው እናትን ለሰው አንሰጥም ብሎ ለሶፋ መስጠት ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ቴራፒስቷ «ክብደትሽን ወደ ደካማው እግር አሻግሪ» ስትል የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ይተረጉማል። ልጁ አማርኛው «እንጀራ ስጪኝ» ከሚለው ብዙም አያልፍ ይሆናል፤ «አያቴ፣ በደህናው ቁሚ» ቢል ማን ይፈርድበታል? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ ለሕመምተኛው በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ትግርኛም ኦሮምኛም ከሆነ እንዲሁ። ጉዳዩ የቋንቋ ክብር ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑን የሚማር ሰው አንዲት ቃል ተሳስታ ብትተረጎምለት ይወድቃል።

ስለ ኢንሹራንስ ባጭሩ። ሜዲኬር ያላቸው አባቶችና እናቶች «ከእንግዲህ መሻሻል ስለማያሳዩ ቴራፒው ቆሟል» ሲባሉ እሺ ብለው ይመለሳሉ። በ2013 ጂሞ በተባለው የፍርድ ቤት ጉዳይ የጸደቀው ስምምነት፣ አቅምን ጠብቆ ለማቆየት ወይም እንዳይብስ ለማድረግ ባለሙያ የሚያስፈልግ ከሆነ «አይሻሻልም» የሚለው ብቻ መከልከያ እንደማይሆን አረጋግጧል። በ1997 በወጣው ሕግ ለቴራፒ ተደርጎ የነበረው የዓመት ገደብም በ2018 ተነሥቷል። ይግባኝ ማለት ይቻላል ማለት ነው። ችግሩ የሚብሰው ልጆቻቸው አምጥተዋቸው በቅርቡ ግሪን ካርድ ባገኙት ወላጆች ላይ ነው። እዚህ ሠርተው ያልከፈሉ ከሆነ 65 ዓመት ቢሞላቸውም 5 ዓመት ሳይኖሩ ሜዲኬር ውስጥ አይገቡም። እነዚህ እናቶች ከአንድ ሁለት የቴራፒ ቀጠሮ በላይ ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ የተገኘችዋን ቀጠሮ ልጆች አብረው ይግቡ፣ ቴራፒስቱን አስፈቅደው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ፣ «ቤት ውስጥ ምን እናሠራቸው?» ብለው በየእንቅስቃሴው ይጠይቁ። ልጁ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጠያቂውን የምጠራው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ዕድሩም ለለቅሶ በተራ ሰው መመደብ ያውቅበታል። ለቅሶ ሳይሆን ገና ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰኞን ለአንዱ፣ ማክሰኞን ለሌላው መመደብ ለምን ያቅተናል?

«ደከመኝ ልጄ፣ ተዉኝ» የሚሉ ይኖራሉ። ድካሙ እውነት ነው፤ ስትሮክ የመታው ሰው ለአንድ እርምጃ የሚያወጣው ጉልበት ከእኛ ይበልጣል። ስለዚህ አጠር ያለ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ይሻላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት፣ ምግብ መጥላት፣ «ለናንተ ሸክም ሆንኩ» ማለት ከመጣ ያ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስት አንድ ያህሉ የመንፈስ ጭንቀት ያድርባቸዋል፤ መድኃኒትም ምክርም አለው። እኛ ግን «ቻል አድርጉት» ብለን እናልፈዋለን። ለሐኪሙ ይነገር።

ሌላው ፍርሃት መውደቅ ነው፤ እውነትም ይወድቃሉ። መልሱ ግን ማስቀመጥ አይደለም፣ ተቀምጦ የኖረ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ ይወድቃልና። መልሱ ቤቱን ማስተካከል ነው። ትንንሾቹ ምንጣፎች ይነሡ፣ የኮሪደሩ መብራት ሌሊት ይብራ፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይመታ። የምንወዳት ነጠላ ጫማ ደግሞ ከቤቱ ትውጣ፤ ደካማ እግር ተረከዝ የሌላትን ጫማ ይዞ መሄድ አይችልም።

እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ ጥየቃ የምትሄዱ፣ ሙዝና ብርቱካኑን ትታችሁ ከልጆቻቸው የእግር ቁጥራቸውን ጠይቁና የማያንሸራትት፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዙ። ማሰሪያው ክር ሳይሆን በአንድ እጅ የሚለጠፍ ይሁን። ቁርጭምጭሚት መደገፊያ ፕላስቲክ የሚያደርጉ ከሆነ አንድ ቁጥር ትልቅ ያስፈልጋል፤ ደረሰኙን አትጣሉት፣ ካልገባ ይቀየራል።